ገብተው የማይወጡበት ድንበር

መተማ ዮሐንስን ለሚያውቅ ሰው የድንበርን ነገር ማስረዳት አያስፈልግም። ከወዲህ የእኛ ከተማ፥ ከወዲያ የሱዳን ገላባት በእግር በሚኬድ ርቀት ተፋጠው ይታያሉ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1881 ዓ.ም. የወደቁትም በዚሁ ስፍራ ነው። ሰላም በሆነ ጊዜ ሰሊጡን የጫነ ነጋዴ ተሻግሮ፥ ሸጦ፥ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምንተርከው ድንበር ግን የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት የለውም። ይኸውም ሊቃውንት «ጥቁር ጉድጓድ» የሚሉት ነገር ዳርቻ ነው።

ጥቁር ጉድጓድ በመጀመሪያ የታየው በሰማይ ሳይሆን በወረቀት ላይ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1915 ፕሮፌሰር አይንስታይን ስበት ማለት የቦታና የጊዜ መጉበጥ መሆኑን የሚገልጸውን ቀመር አወጡ። ብዙ ሳይቆይ ካርል ሽቫርትሽልድ የተባሉ ጀርመናዊ የከዋክብት ተመራማሪ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመቻ ላይ ሳሉ ለቀመሩ የመጀመሪያውን ትክክለኛ መፍትሔ አገኙ፤ በሚቀጥለውም ዓመት በሕመም ሞቱ።

ከመፍትሔው የሚወጣው ልክ የሚያስደንቅ ነው። የፀሐይ ክብደት ሁሉ ከመካከል እስከ ዳር 3 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ኳስ ውስጥ ቢታመቅ ብርሃን እንኳ ከዚያ ማምለጥ አይችልም። ለምድራችን ልኩ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፥ ምድር ልጆች የሚጫወቱባትን ብይ አክላ መጨበጥ ይኖርባታል ማለት ነው።

ችግሩ የመጣው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ዳርቻ ላይ ቀመሩ በዜሮ ማካፈልን ይጠይቃል። ስለዚህ ብዙዎች ተፈጥሮ እዚያ መድረስ አትችልም አሉ፤ አይንስታይን ራሳቸው በ1939 እንዲህ ያለ ነገር በእውን እንደማይኖር ጻፉ። በዚያው ዓመት ግን ኦፐንሃይመርና ስናይደር ነዳጁን የጨረሰ ግዙፍ ኮከብ በራሱ ስበት እየተሰበሰበ ዳርቻውን ሊያልፍ እንደሚችል በሒሳብ አሳዩ።

መፍቻው አስቀድሞ በ1933 በቤልጅጉ ቄስና የሒሳብ ሊቅ በዦርዥ ለሜትር ተገኝቶ ነበር። ጉድለቱ የቦታው ሳይሆን ቦታው የተለካበት መስመር ነው። በካርታ ላይ የኬንትሮስ መስመሮች ሁሉ በሰሜን ዋልታ ይሰበሰባሉ፤ በዚያ የቆመ ሰው ኬንትሮሱ ስንት እንደ ሆነ ሊናገር አይችልም። እግሩ የረገጠው ስፍራ ግን እንደ ሌላው ስፍራ ነው። እንደዚሁም ወደ ትልቅ ጥቁር ጉድጓድ የሚገባ መንገደኛ ዳርቻውን ሲያልፍ ኬላም አጥርም አያይም። ከሩቅ የሚመለከተው ባልንጀራው ግን መንገደኛው እየዘገየና እየደበዘዘ ሲሄድ ያየዋል እንጂ ሲሻገር ከቶ አያየውም።

ታዲያ ጉድለቱ ሁሉ የካርታ ነውን? አይደለም። በ1965 እንግሊዛዊው ሮጀር ፔንሮዝ እንዳረጋገጡት፥ ስበት ብርሃንን ወደ ውስጥ ብቻ የሚያዞርበት ደረጃ ከተደረሰ፥ ኮከቡ ፍጹም ክብ ሆነም አልሆነም፥ በውስጡ ጎዳና የሚቋረጥበት ነገር መኖሩ አይቀርም። ይህን የትኛውም የመስመር ለውጥ አያስወግደውም። ለዚሁ ሥራ በ2020 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ።

በ2015 የሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ግጭት የላከው የስበት ሞገድ ተመዘገበ፤ በ2019 የመጀመሪያው ምስል ወጣ፤ በ2022 ደግሞ የራሳችን ጋላክሲ መካከል ምስል ተጨመረ። ይህ የኋለኛው የፀሐይን 4 ሚሊዮን እጥፍ ያህል ይከብዳል። በመጋቢት ወር ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ በመተማ ቆላ ቆሞ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው ፊቱን ወደዚያው አቅጣጫ አዙሯል፤ ዓይኑ ግን ከዋክብቱንና የአቧራውን ጥላ እንጂ ጥቁሩን ጉድጓድ አያይም።

በእንጦጦ ተራራ መስተዋታቸው አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች መተከላቸው ደስ ያሰኘናል። ሆኖም ለሜትርና ፔንሮዝ የሠሩበት መሣሪያ እርሳስና ወረቀት እንደ ነበረ ተማሪዎቻችን እንዲያስቡት እንወዳለን። ወጣቱ ሹምም ሒሳቡ አልገጥም ባለው ጊዜ አገሩን ከመውቀሱ በፊት የለካበትን መስመር ይመርምር። መስመሩን ለውጦም ጉድለቱ ካልጠፋ፥ ያን ጊዜ ችግሩ የመሬቱ መሆኑን ይወቅ።