በእንግሊዝ አገር ስለ ተነሣው አዲስ አረማዊነት

አረማዊነት ሲባል ለብዙዎቻችን ከሐዋርያት ዘመን ጋር ያለፈ ነገር ይመስለናል። ነገር ግን ፀሐይንና ጨረቃን፣ ዛፍንና ምንጭን ማክበር ሃይማኖታችን ነው የሚሉ ሰዎች በአውሮጳ በዘመናችን ተነሥተዋል። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ2021 በእንግሊዝና በዌልስ በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ፣ 74 ሺሕ ያህል ሰዎች አረማውያን፣ 13 ሺሕ ያህል ደግሞ የዊካ አማኞች ነን ብለው ተመዝግበዋል። ልጆቻችን ለትምህርትና ለሥራ ወደዚያ ስለሚሄዱ፣ ወላጅ ነገሩን አስቀድሞ ቢያውቀው መልካም ነው።

ዊካ የተባለውን እምነት ለሕዝብ የገለጠው፣ በማላያ የጉምሩክ ሹም ኾኖ ያገለገለው ጄራልድ ጋርድነር ነው። ስለ ጥንቆላ የወጣው የ1735 ሕግ በ1951 ከተሻረ በኋላ፣ በ1954 መጽሐፍ አሳትሞ፣ እምነቱ ከክርስትና በፊት ከነበሩት ሰዎች ሳይቋረጥ የመጣ ነው አለ። ዳሩ ግን ሮናልድ ሃተን የተባለው የታሪክ ሊቅ በ1999 ባሳተመው ጥናት፣ ነገሩ በ20ኛው መቶ ዓመት የተሠራ መኾኑን አሳይቷል።

የሁሉ አለቃ የኾነ ሰው ወይም አንድ ቅዱስ መጽሐፍ የላቸውም። ብዙዎቹ አንዲት እንስት አምላክና ቀንድ ያለው ወንድ አምላክ ያመልካሉ፤ በዓመትም 8 በዓላት አሏቸው። ከእነዚህም 4ቱ ቀን እጅግ የሚረዝምበት፣ እጅግ የሚያጥርበት፣ ቀንና ሌሊትም የሚተካከሉባቸው ዕለታት ናቸው፤ የቀሩት በየመካከሉ ይውላሉ። ሰይጣንን ያመልካሉ ተብሎ ይወራባቸዋል፤ እነርሱ ግን ሰይጣን በትምህርታችን የለም ይላሉ። በባልንጀራ ላይ በሐሰት መመስከር የተከለከለ ነውና፣ ስሕተታቸውን ስንናገር የማያደርጉትን አንጨምርባቸው።

ከእነርሱ ብዙዎቹ፣ ክርስቲያኖች ምድርን ንቀው አጠፏት ብለው ይወቅሳሉ። ይህ ወቀሳ መልስ ይሻል። ቤተ ክርስቲያናችን በቅዳሴዋ ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞችና ስለ ምድር ፍሬ ትጸልያለች። በጎጃምና በጎንደር ሜዳው ሲመነጠር፣ የአገር በቀሉ ዛፍ ተርፎ የሚታየው ይልቁንም በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ነው። አባቶች ይህን ዛፍ የጠበቁት የእግዚአብሔር ቤት ልብስ ነው ብለው እንጂ ሊሰግዱለት አይደለም።

እንግዲህ ልጅ፣ «ፀሐይን ማክበር ምን ክፋት አለው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ቍጣ መልስ አይኾንም። ፀሐይ የተሰጠችን ስጦታ እንደ ኾነች፣ ጸሎትን የሚሰማው ግን ሰጪው እንደ ኾነ በትዕግሥት ይነገረው። ደግሞም በደጃችን ያለውን ዛፍ ያለ ፍርሃት እየቈረጥን ስለ ፈጣሪው ክብር ብናስተምር፣ ልጁ እንደማያምነን እናስብ።