ቡድሂዝምን ከህንድ ያጠፋው ማን ነው?

ብዙ ሰው የሚያውቀው ታሪክ እንዲህ ያለ ነው፦ ቡድሃ ህንድ ውስጥ ተወለደ፤ ንጉሥ አሾካ በአዋጅ ሕዝቡን ሁሉ ቡድሂስት አደረገ፤ በ1200 ገደማ የሙስሊም ጦር መጥቶ የናላንዳን ገዳም አቃጠለ፤ እምነቱም በበቀለበት ምድር በአንድ ጀንበር ጠፋ። ከነዚህ አንዱም ሳይታረም መታለፍ የለበትም፤ በተለይ የመጨረሻው። ዛሬ ህንድ ውስጥ ጎረቤትን በጎረቤቱ ላይ ለማነሳሳት ሲፈለግ ደጋግሞ የሚጠቀሰው እሱ ነውና። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የትውልዱ ነገር በአጭሩ ያልቃል። ቡድሃ የተወለደበት ሉምቢኒ ዛሬ የሚገኘው ኔፓል ውስጥ ነው። አሾካ እዚያ ያቆመው የድንጋይ ዓምድ የትውልድ ቦታው ያ መሆኑን ይመሰክራል፤ በዚህም ምክንያት ለመንደሩ ግብር እንደተቀነሰለት ይናገራል። መገለጥ ያገኘበት ቦድ ጋያ፣ መጀመሪያ ያስተማረበት ሳርናትና ያረፈበት ኩሺናጋር ግን በህንድ ምድር ናቸው።

አሾካ እምነቱን በኃይል አስፋፋ የሚለውን የሚያፈርሰው የራሱ የአሾካ ቃል ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ካሊንጋን በወጋ ጊዜ ያለቀውን ሕዝብ በድንጋይ አስቀርጾታል፦ 100,000 የተገደለ፣ 150,000 ከአገሩ ተግዞ የተወሰደ። ጸጸቱንም አብሮ አስጽፏል። ከዚያ በኋላ በየቦታው ያስቀረጻቸው አዋጆች ሕዝቡን ቡድሂስት ሁን አይሉም። የራሱን እምነት ከፍ ለማድረግ ብሎ የሌላውን የሚያንቋሽሽ ሰው የገዛ እምነቱን ይጎዳል ነው የሚሉት። በባራባር ኮረብቶች የተፈለፈሉትን ዋሻዎችም የሰጠው የቡድሃ ተከታይ ላልሆኑት አጂቪካ ለሚባሉ ባሕታውያን ነው። የቤተ መንግሥቱ ድጋፍ ትልቅ እንደነበረ አይካድም፤ ግን እምነቱን እየተሸከሙ ከአገር አገር ያደረሱት መነኮሳትና ነጋዴዎች ናቸው። በሳንቺው ታላቅ ስቱፓ (ቅዱስ አጽም የሚቀመጥበት ጉብታ መሰል ሐውልት) ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ የለጋሾች ስም ተቀርጿል፤ ሴት መነኮሳት አሉበት፣ ተራ ሴቶች አሉበት፣ ነጋዴዎች አሉበት። ከበሮቹ በአንዱ ላይ ደግሞ ቅርጹን የሠሩት የቪዲሻ የዝሆን ጥርስ ጠራቢዎች ስማቸውን አኑረዋል። በምዕራብ ህንድ ካርሌንና ካንሄሪን የመሳሰሉት የዋሻ ገዳማት የተፈለፈሉት ከወደብ በሚነሡ የንግድ መንገዶች አጠገብ ነው።

የቡድሃ የሕይወት ታሪክም ወደ ምዕራብ ተጉዟል፤ ከቋንቋ ቋንቋ ሲሻገር የክርስቲያን ቅዱስ ገድል ሆነ። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አባ እንባቆም ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት «በራላም ወየዋሴፍ» የዚሁ ታሪክ ዘር ነው። ዓለምን ንቆ የመነነው የህንዱ ልዑል፣ ምንጩ ሳይታወቅ፣ በእኛም ገዳማት ሲነበብ ኖሯል።

ወደ ሰይፉ ልመለስ። በ1200 ገደማ ባክቲያር ኺልጂ የተባለ የቱርክ የጦር አለቃ ቢሃርን ወረረ። ታሪኩን የጻፈው ሚንሃጅ፣ ወታደሮቹ ምሽግ መስሏቸው የያዙት ቦታ የትምህርት ገዳም ሆኖ መገኘቱን፣ ራሳቸውን የተላጩት ነዋሪዎች ማለቃቸውን፣ መጻሕፍቱ ሲገኙ የሚያነባቸው ሰው መታጣቱን ይተርካል። እልቂቱ እውነት ነው፤ ሊቀነስም ሊለዝብም አይገባም። ብዙ የታሪክ ሊቃውንት ግን ያ ቦታ በናላንዳ አቅራቢያ የነበረው ኦዳንታፑሪ ነው ይላሉ፤ ሚንሃጅ ናላንዳን በስም አይጠራም። ናላንዳም ቢጎዳ ወዲያው አልሞተም። በ1230ዎቹ አጋማሽ ዳርማስቫሚን የተባለ የቲቤት መነኩሴ ሲደርስ፣ ዕድሜው ከ90 ያለፈ ራሁላ ሽሪባድራ የሚባል መምህር በፍርስራሹ መካከል 70 ያህል ተማሪዎች ያስተምር ነበር። ወታደር መጣ ሲባል ሌሎቹ ሸሹ፤ ዳርማስቫሚን ሽማግሌውን በጀርባው አዝሎ አሸሸው። የናላንዳ ታሪክ ሲነገር ይህ መዘለሉ ያሳዝነኛል።

ደግሞ ሕመሙ ከሰይፉ በፊት የቆየ ነው። ቻይናዊው መነኩሴ ሹዋንዛንግ ህንድን የዞረው ከ629 እስከ 645 ባለው ጊዜ ነው፤ ኺልጂ ከመምጣቱ 500 ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በፊት። ያን ጊዜ በጋንዳራ ገዳማቱ ፈርሰው፣ ሰው ርቋቸው አገኘ። የቤንጋሉ ንጉሥ ሻሻንካ የቦድ ጋያን ቅዱስ ዛፍ እንዳስቆረጠም ጽፏል፤ ሻሻንካ ሙስሊም አልነበረም፣ የሂንዱው አምላክ የሺቫ አምላኪ ነበር።

በእኔ እምነት ዋናው መልስ ያለው በመንደሩ ውስጥ ነው። ገዳማቱ ከነገሥታት ሰፊ ጉልት አገኙ፤ የሹዋንዛንግ የሕይወት ታሪክ እንደሚለው ናላንዳ ከ100 መንደሮች ግብር ይገባለት ነበር። ጎተራው የሞላለት መነኩሴ ምጽዋት ፍለጋ የገበሬውን ደጅ መርገጥ አላስፈለገውም። ልጅ ሲወለድ፣ ጎጆ ሲወጣ፣ ሬሳ ሲቃጠል ሥርዓቱን የሚፈጽመው የሂንዱ ካህኑ ብራህማን ነበር። ነገሥታቱ ጉልቱን ወደ ብራህማኖችና ወደ ሺቫና ቪሽኑ ቤተ መቅደሶች ሲያዞሩ ገዳሙ ደረቀ፤ መንደሩ ግን ምንም አልጎደለበትም። ቡድሃ ራሱም ከቪሽኑ ትስብእቶች አንዱ ተደርጎ ተቆጠረ፤ የሚያመልከው ሰው እምነት መቀየሩን እንኳ ሳያስተውል ወደ ሌላው ቤት ገባ። የሌላ ጥንታዊ የህንድ እምነት ተከታዮች የሆኑት ጃይኖች ግን፣ ቤተ መቅደሶቻቸው በወረራው ዘመን ቢፈርሱም፣ በጉጃራትና በራጃስታን እስከ ዛሬ ቆይተዋል። ምእመኖቻቸው ከመነኮሳቱ ጋር በየዕለቱ ኑሮ የተሳሰሩ ነበሩ።

ሻንካራ የተባለው የ8ኛው መቶ ዓመት ፈላስፋ ቡድሂስቶችን በክርክር ረትቶ አባረራቸው የሚለውን ለመመለስ ብዙ መድከም አያስፈልግም። ከእሱ ዘመን ጀምሮ ወደ 400 ዓመት የሚጠጋ ጊዜ የፓላ ነገሥታት በቢሃርና በቤንጋል ገዳማትን ሲደግፉ፣ ቪክራማሺላን የመሰለ ትምህርት ቤት ሲያቆሙ ኖረዋል።

«ጠፋ» የሚለውም ቃል ልክ አይደለም። በላዳክ፣ ከዛሬዋ ህንድ ወሰን ውጭ ደግሞ በካትማንዱ ሸለቆና በቺታጎንግ እምነቱ አልተቋረጠም። ኦክቶበር 14 ቀን 1956 ደግሞ «የማይነኩ» ከሚባሉት የተወለደው የህንድ ሕገ መንግሥት አርቃቂ አምቤድካር፣ በናግፑር ከተማ በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ ተከታዮቹ ጋር ቡድሂስት ሆነ። ካስገባቸው 22 መሐላዎች አንዱ ቡድሃ የቪሽኑ ትስብእት ነው የሚለውን መካድ ነው። በ2011 ቆጠራ ህንድ ውስጥ 8.4 ሚሊዮን ያህል ቡድሂስቶች ተመዝግበዋል፤ አብዛኞቹ የሚኖሩት አምቤድካር በሠራባት በማሃራሽትራ ነው። በቦድ ጋያ ያለው የማሃቦዲ ቤተ መቅደስ ግን በ1949 በወጣ ሕግ፣ ቡድሂስቶችና ሂንዱዎች በእኩል ቁጥር በሚቀመጡበት ኮሚቴ ነው የሚተዳደረው፤ ቡድሂስቶቹ ሙሉ በሙሉ ለእኛ ይሰጠን የሚለውን ጥያቄ ዛሬም አላቆሙም።