ጉርሻው በስልክ ሲመጣ

ደብረ ማርቆስ ላይ ምሳ የበላ ሰው ሒሳቡን በጥሬ ገንዘብ ከከፈለ የጉርሻው መንገድ አጭር ነው። «እህቴ፣ መልሱን ያዥው» ይላል፤ ብሩ ከአስተናጋጇ ኪስ ይገባል። በቴሌብር ወይም በባንክ ሲከፍል ግን ያው ጉርሻ መጀመሪያ የሚያርፈው ቤቱ ሒሳብ ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ እንዴት እጇ እንደሚገባ የሚጠይቅ ደንበኛ ብዙ አይደለም።

ቴሌብር ግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ኢንተርኔት ባይኖር እንኳ በ*127# ስለሚሠራ፣ ኔትወርክ እስካለ ድረስ ሻይም ክትፎም በስልክ ይከፈላል። ምግቡ 460 ብር ነው እንበል። ደንበኛው 500 ይልክና ስልኩን ያሳያል። አስተናጋጇ የክፍያውን መልእክት ታያለች፣ ካሸሯ ገንዘቡ መግባቱን ታረጋግጣለች። ደረሰኙ ላይ ያለው ግን 460 ብቻ ነው። 40 ብሯ የሽያጭ ገንዘብ አይደለችም፤ ነገር ግን ከሽያጩ ጋር አንድ ሒሳብ ውስጥ ገብታለች። ካሸሯ ወዲያው ከመሳቢያ አውጥታ ከሰጠቻት ጉዳዩ ያልቃል። መሳቢያው ውስጥ ዝርዝር ከሌለ «ማታ ሒሳብ ሲዘጋ» ይባላል፤ ያልተጻፈ ጉርሻ ደግሞ ማታ ላይ ማስረጃ የለውም።

ካርድ በሚቀበል ሆቴል ጉዳዩ ትንሽ ይለያል። ፖስ ማሽኑ ላይ የሚገባው መጠን የሚስጥር ቁጥሩ ከመነካቱ በፊት የሚወሰን ስለሆነ፣ ጉርሻ መስጠት የፈለገ ሰው ቀድሞ መናገር አለበት።

አንዳንድ አስተናጋጆች «በእኔ ቁጥር ላክልኝ» ማለታቸው አይገርመኝም። ችግሩ፣ ጉርሻ በጋራ በሚካፈልበት ቤት ወጥ ቤት ያለችውና እቃ አጣቢዋ ድርሻቸውን ያጣሉ።

ይህ ሁሉ የሚያሳስበው ለብዙ አስተናጋጅ ጉርሻ ከደመወዝ ያላነሰ መተዳደሪያ ስለሆነ ነው። ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከደንበኞች የሚገኝ የአገልግሎት ክፍያን እንደ ደመወዝ አይቆጥረውም። የጡረታ መዋጮውም፣ የሠራተኛው 7 በመቶና የአሠሪው 11 በመቶ፣ የሚሰላው ከወር ደመወዟ ነው። ስለዚህ ስታገለግል የኖረችበት ጉርሻ ጡረታዋን አያሳድግላትም። እጇ ካልገባ ሌላ ማካካሻ የለውም።

ሌላው ዓለምም በዚሁ ተጨቃጭቋል። በአሜሪካ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ አሠሪ የሠራተኛን ጉርሻ ለራሱ እንዳያስቀር ከለከለ፤ የካርድ ኩባንያውን ኮሚሽን ግን፣ ግዛቱ ካልከለከለ፣ ከጉርሻው መቀነስ ይችላል። እንግሊዝ ጠበቅ አደረገችው፦ ከመስከረም 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አሠሪው በካርድ የመጣውን ጉርሻ ኮሚሽኑን ሳይቀንስ እስከሚቀጥለው ወር መጨረሻ ለሠራተኞቹ ማከፋፈል አለበት፤ አከፋፈሉንም በጽሑፍ ያስቀምጣል።

እኛ ዘንድ ሕግ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ካሸሯ አጠገብ አንድ ደብተር ይበቃል፦ የክፍያው ቁጥር፣ የደረሰኙ መጠን፣ ትርፉ፣ የአስተናጋጇ ስምና ስትቀበል የምትፈርምበት ቦታ። ባለቤቱም ይጠቀማል፤ ከደረሰኝ በላይ ሒሳቡ ውስጥ የገባው ገንዘብ ያልተመዘገበ ሽያጭ ነው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል። ደንበኛው ደግሞ ሲከፍል «አርባዋ የእሷ ናት» ብሎ ካሸሯ እየሰማች ይናገር፤ ወይም ሒሳቡን በስልክ፣ ጉርሻውን በእጅ ይስጥ።