ታሪኩን መልሶ መናገር ምላሽ አይደለም

የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች «ምላሽ ጻፉ ስንባል ታሪኩን ባጭሩ ብናስቀምጥ አይበቃም?» እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። አይበቃም። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውሰዱ። ፍቅረኞቹ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ምን እንደ ደረሰባቸው መምህሩ ያውቃል፤ የሚፈልገው የእናንተን ጥያቄ ነው። ለምሳሌ የዘመኑን ሥርዓት አጥብቆ የሚተቸው ጉዱ ካሳ፣ አገሬው እንደ እብድ የሚቆጥረው ሰው የሆነው ለምንድን ነው? ደራሲው ትችቱን ሊሸሽግ ነው ወይስ ሰሚ ማጣቱን ሊያሳይ? እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ እናንተ ግን ገጽ ጠቅሳችሁ ተሟገቱ።

ገጽ ለመጥቀስ እያነበቡ ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል፤ «እርሳስ ይዞ ማንበብ ጣዕሙን ይገድላል» የሚሉም አሉ። እውነት አላቸው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ዝም ብላችሁ አንብቡ፣ እርሳሱ ለሁለተኛው ንባብ ይቆይ። (የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ላይ ግን አትጻፉ፣ ወረቀት አለ!) ያልገባችሁ ካለ ጠይቁኝ።