ከቦሌ እስከ ላምበረት፦ ቤተሰብንና ሻንጣን በሰላም ለማድረስ



ባለፈው ኅዳር ከጀመዓችን ወንድሞች የአንዱ እናት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ከጅዳ ተመለሱ። አብረዋቸው እዚያው የተወለዱ ሁለት ትንንሽ ልጆችና ስድስት ሻንጣ ነበሩ። ከመምጣታቸው በፊት በኢሞ ደውለው «የጁምዓ ሌሊት እገባለሁ» አሉት። ወንድማችንም ጁምዓ ማታ ቦሌ ለመገኘት ተዘጋጀ። ጁምዓ ጠዋት፣ ገና ሱብሒ ሰግዶ ሳይጨርስ፣ ከማያውቀው ቁጥር ተደወለለት። እናቱ ነበሩ። ሌሊቱን ደርሰው፣ የሰው ስልክ ለምነው፣ ከውጭ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠው ነበር የሚጠብቁት።

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ቦሌ ሲደርስ ረፋድ ሆኗል። ልጆቹ የጅዳ ስስ ልብሳቸውን እንደለበሱ በኅዳር ብርድ ይንቀጠቀጣሉ። ብዙ ሹፌሮች «እንውሰዳችሁ» ብለዋቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ዋጋውንም፣ የሚሄዱበትን መናኸሪያም ስለማያውቁ አንዱንም አልተቀበሉም። ልጃቸውን ሲያዩ ያሉት አንድ ነገር ነው፦ «ሀገሬ ገብቼ እንግዳ ሆንኩ።»

ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ የመጣን ብዙዎች ነን። ዘመድ ከዐረብ ሀገር ሲመጣ «ተማሪው ይቀበል» መባሉም የተለመደ ነው። ስለዚህ በዚህ እትም ከቦሌ ኤርፖርት ቤተሰብንና ሻንጣን ይዞ እንዴት እንደሚወጣ ተነጋግረን የደረስንበትን እናካፍላችኋለን። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ከኤርፖርቱ በር ላይ የሚወሰን ነገር መኖር የለበትም። ቀኑ፣ መገናኛው ቦታ፣ መኪናውና መድረሻው አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት መታወቅ አለባቸው።

በመጀመሪያ ሌሊቱ የማን ነው?

የወንድማችን ስሕተት የግዴለሽነት አልነበረም። በኢስላም አቆጣጠር ሌሊቱ ከቀኑ ስለሚቀድም የጁምዓ ሌሊት የሚባለው ሐሙስ ማታ የሚጀምረው ነው። በሀገራችንም «ለዓርብ አጥቢያ» ስንል ይህንኑ ሌሊት ማለታችን ነው። በዘመኑ አነጋገር ግን ብዙዎቻችን «ዓርብ ሌሊት» ሲባል ዓርብ መሽቶ ያለውን እንረዳለን። በሁለቱ መካከል አንድ ሙሉ ቀን አለ።

ሰዓቱም እንዲሁ ያሳስታል። ቲኬት ላይ 01:40 ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ40 ነው፤ ከቀኑ 7:40 ደግሞ 13:40 ተብሎ ይጻፋል። የጅዳና የሪያድ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ የዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድመናል። ስለዚህ በቃል የተነገረን ቀን አትመኑ። የቲኬቱን ፎቶ አስልኩ፤ የበረራ ቁጥሩን፣ ቀኑንና የመድረሻ ሰዓቱን ራሳችሁ አንብቡ። ከዚያም «ሐሙስ መሽቶ፣ ለጁምዓ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7:40» ብላችሁ ለሚመጣው ሰው መልሳችሁ ንገሩ። እሱም «አዎ» ይበላችሁ።

መገናኛ ቦታ

ተቀባይ ወደ ተርሚናሉ ውስጥ አይገባም፤ የሚጠብቀው ከውጭ በመኪና ማቆሚያው በኩል ነው። የዓለም አቀፉ ተርሚናል በጥር 2011 ዓ.ም. ተስፋፍቶ ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ሰፊ ነው፤ «በሩ ላይ እንገናኝ» ማለት አያገናኝም። የሚመጣው ሰው ስልክ ሀገር ውስጥ ላይሠራ ይችላል፤ የድሮ ሲም ካርዱም ለዓመታት ሳይጠቀምበት ስለቆየ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሁለት ሰው ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፎ ከፓስፖርቱ ጋር ይያዝ። ቃሉም ይህ ይሁን፦ «ከወጣችሁ በኋላ ሻንጣችሁን ይዛችሁ አንድ ቦታ ቁሙ፤ አትንቀሳቀሱ፤ እኛ እንፈልጋችኋለን።» ሁለቱም ወገን እየተንቀሳቀሰ ሲፈላለግ ነው መተላለፍ የሚመጣው።

ሻንጣው ሳይወጣ ቢቀር

ሻንጣ ሲያስረክቡ የሚሰጠው ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት እንዳይጣል አደራ በሏቸው። ያለዚያ ወረቀት የጠፋን ሻንጣ መከታተል ከባድ ነው። ሻንጣ ካልመጣ ወይም ተሰብሮ ከመጣ፣ ከአዳራሹ ከመውጣት በፊት እዚያው ለአየር መንገዱ የሻንጣ ክፍል ማስመዝገብና የምዝገባውን ቁጥር መቀበል ይገባል። ኢትዮጵያም ሳዑዲ ዐረቢያም የተቀበሉት የሞንትሪያል ስምምነት ለዓለም አቀፍ በረራ ቀነ ገደብ አስቀምጧል፦ ለተጎዳ ሻንጣ ከተረከቡበት ቀን አንስቶ በ7 ቀን ውስጥ፣ ዘግይቶ ለመጣ ደግሞ ከተረከቡበት ቀን አንስቶ በ21 ቀን ውስጥ አቤቱታ በጽሑፍ መቅረብ አለበት። ግሼ ራቤል ከገቡ በኋላ «ለዒድ ስንወርድ እንጠይቃለን» ማለት መብትን ያስቀራል።

ገንዘብ፣ ወርቅ፣ መድኃኒትና ሰነድ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይገቡም፤ በእጅ ነው የሚያዙት። የዘጠኝ ዓመት ልፋት በአንድ ሻንጣ መጥፋት የለበትም።

ምን ዓይነት መኪና?

ከቦሌ በር የሚገኙት አማራጮች አራት ናቸው።

ባቡሩ አንዱ አይደለም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመገናኛና በስታዲየም ያልፋል እንጂ ኤርፖርት አይደርስም።

ሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የሻንጣ ቦታ የለውም። ትልቅ ሻንጣ ወንበር ከያዘ የወንበሩን ሒሳብ ይከፈልበታል፤ ሌሊትም አይገኝም። አንድ ቦርሳ ለያዘ ተማሪ ይሆናል፤ ልጅ ለያዘች እናት ግን አይሆንም።

ቢጫ ታክሲ እዚያው ቆሞ ይገኛል። ዋጋው በስምምነት ስለሆነ ሻንጣው ኮፈን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ይነጋገሩበት። ዋጋው የሰው ነው ወይስ የመኪና፣ ሻንጣን ይጨምራል ወይ፣ እስከ የት ነው የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ይመለሱ። ሻንጣ ከተጫነ በኋላ ክርክር የሚረታው ሹፌሩ ነው።

እንደ ራይድና ፈረስ ያሉ በስልክ የሚጠሩ መኪናዎች ግምታዊ ዋጋውን አስቀድመው ያሳያሉ። ራይድ መተግበሪያ ለሌለውም በ8294 ይጠራል። በእነሱ ባትሄዱ እንኳ የሚያሳዩት ዋጋ ለድርድር መነሻ ይሆናችኋል። ስትሳፈሩ የመኪናውን ታርጋ ከተላከላችሁ ቁጥር ጋር አመሳክሩ።

አራተኛው ኮንትራት ነው። ሒሳቡን እንይ፦ ስድስት ሻንጣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ቢሆን 138 ኪሎ ነው። ሦስት መጪና ሁለት ተቀባይ ሲጨመር በአንድ ትንሽ መኪና አይጫንም። ወይ ሚኒባስ በኮንትራት ይያዝ፣ ወይ ሁለት መኪና ይጠራ። በሁለት መኪና ከሆነ በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው ይቀመጥ። ሻንጣ ብቻውን፣ ልጆችም ብቻቸውን በመኪና አይላኩ።

ወደ መሀል ከተማ መግባት ያስፈልጋል?

ብዙ ሰው ከኤርፖርት ሲወጣ «በቅድሚያ ወደ መሀል ከተማ» ይላል። የእኛ ሀገር ሰው ግን መድረሻውን አይቶ ነው መወሰን ያለበት።

ወደ መንዝና ወደ ግሼ የሚሄድ ሰው መሀል ከተማ ምንም ጉዳይ የለውም። የደብረ ብርሃን መኪና የሚነሳው ከላምበረት መናኸሪያ ነው። ከቦሌ በቀለበት መንገድ ወደ መገናኛ፣ ከመገናኛ ወደ ላምበረት መሄድ ይቻላል። መስቀል አደባባይ ደርሶ መመለስ ለድካምና ለተጨማሪ ሒሳብ ነው። ከላምበረት ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ በጣርማበር፣ በመዘዞና በሞላሌ አድርጎ መሀል ሜዳ ይገባል። ከአዲስ አበባ ወደ 280 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ግሼ ራቤል ከዚያም ያልፋል።

የመርሐቤቴ ሰው መንገድ ሌላ ነው። ወደ ዓለም ከተማ የሚኬደው በጎጃም መውጫ ነው፦ በሱሉልታ፣ በጫንጮና በሙከጡሪ አድርጎ፣ በለሚ በኩል ጀማ በረሃ ወርዶ ይወጣል። ስለዚህ የመርሐቤቴ እንግዳ በቦሌ መንገድ ወደ መስቀል አደባባይ ወጥቶ ከተማውን ማቋረጥ አለበት። ኤርፖርቱ ከመሀል ከተማ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅም በጠዋትና በማታ የሥራ ሰዓት ጉዞው ብዙ ጊዜ ይወስዳል። ሌሊት የገባ ሰው ግን መንገዱ ነጻ ነው።

ሌሊት መናኸሪያ አይኬድም

ከሌሊቱ 7:40 የደረሰ ሰው ሻንጣውን ተረክቦ ሲወጣ 9 ሰዓት ይሆናል። በዚያ ሰዓት ስድስት ሻንጣ ይዞ ከመናኸሪያ በር መቆም ለሌባ መጋለጥ ነው። ዘመድ ቤት ካለ እዚያ ይደር። ከሌለ አስቀድሞ የታወቀ ማረፊያ ይያዝ፤ ወይም ጎህ እስኪቀድ እዚያው ኤርፖርት ይቆይ። መናኸሪያም ሲደረስ ሻንጣው ፖርቶመጋላ ላይ ሲወጣ አንድ ሰው ከሥር ቆሞ ይቁጠር፤ ሲወርድም እንዲሁ።

ማደር ለጤናም ይበጃል። ጅዳ በባሕር ዳርቻ ያለች ከተማ ናት፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ደብረ ብርሃን ከ2,800 በላይ፣ መሀል ሜዳ ደግሞ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በአንድ ቀን ይህን ያህል ከፍታ የወጣ ሰው ራስ ምታት፣ የትንፋሽ ማጠርና እንቅልፍ ማጣት ቢገጥመው አይደንቅም። አንድ ሌሊት አዲስ አበባ ላይ ማረፍና ውሃ በደንብ መጠጣት ይረዳል። የልብ ወይም የአስም ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። እናንተም ስትቀበሉ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፦ ጋቢ ወይም የመንዝ ባና ያዙ። የዐረብ ሀገር ልጆች ብርድን የሚያውቁት ከማቀዝቀዣ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት ወደ ቤት ደውላችሁ መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠይቁ። በእነዚህ ዓመታት በጸጥታ ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። መንገድ ከተዘጋ ከተማ ውስጥ መቆየት መዘግየት እንጂ ጉዳት አይደለም።

ሰላትን አትርሱ

ከደብረ ብርሃን ቦሌ ድረስ የሄደ ተቀባይም ራሱ መንገደኛ ነው። አብዛኞቹ ዑለማዎች ወደ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለውን ርቀት ለማሳጠር በቂ ስለሚሉት ዙህር፣ ዐስርና ዒሻ ሁለት ሁለት ረከዓ ይሰገዳሉ፤ መግሪብና ሱብሒ አይቀነሱም። አውቶቡሱ ለሰላት ላይቆም ስለሚችል፣ በመንገድ ማሰባሰብን የሚፈቅደውን አቋም የምትከተሉ ዙህርና ዐስርን ከመሳፈራችሁ በፊት ሰግዳችሁ ውጡ።

ወንድማችን ያን ቀን እናቱን መገናኛ አካባቢ አሳርፎ፣ በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ በላምበረት አድርጎ ወሰዳቸው። ስድስቱም ሻንጣ ራቤል ገብቷል፤ አልሐምዱሊላህ። በመጪው ረመዳን አክስቱ ይመጣሉ። እሱ የቲኬቱን ፎቶ ካሁኑ አስልኮ በዶርሙ ግድግዳ ላይ «ለሰኞ አጥቢያ» ብሎ ጽፎ ለጥፏል።

እናንተም የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ዛሬውኑ ደውሉና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «የየትኛው ቀን ሌሊት?»