የድንበር ሰልፍ በወረርሽኝ ወቅት፦ መጉላላቱና ጥንቃቄው

ከሐይቅ እስጢፋኖስ አካባቢ ተነሥቶ በባቡር ወደ ጅቡቲ የሚሄድ ሰው፣ በደሴና በኮምቦልቻ አድርጎ እስከ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ይጓዛል። ደክሞት ጣቢያ ሲደርስ የቲኬትና የሻንጣ ፍተሻ፣ ድንበር ለመሻገር ደግሞ የፓስፖርት ቁጥጥር ይጠብቀዋል። በወረርሽኝ ወቅት በዚህ ሁሉ ላይ የሙቀት ልኬትና የጤና መጠይቅ፣ እንደ ሁኔታውም የምርመራ ማስረጃ ይጨመራል። ሰልፉ ይረዝማል፤ ተጓዡም ይማረራል። ምሬቱ የሚገባ ቢሆንም፣ ወደ መገፋፋት ወይም ሕመምን ወደ መደበቅ ሲለወጥ ግን አደጋ ያስከትላል።

ቁጥጥሩ ለምን አስፈለገ?

መጓጓዣ በፈጠነ ቁጥር በሽታም ይፈጥናል። ከጅቡቲ የተዘረጋው የቀድሞው የባቡር ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነበር። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ወደ አገራችን ገብቶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ፈጀ፤ ሕዝቡም «የኅዳር በሽታ» ብሎ ሰየመው። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ የኮሮና ቫይረስ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መገኘቱ ሲታወቅ፣ በቀናት ውስጥ የየብስ ድንበሮች ለሰው ዝውውር ተዘጉ። ድንበር መዝጋት ነጋዴውን፣ ሠራተኛውንና ዘመድ ጠያቂውን ሁሉ ይጎዳል። ተጓዡን የሚያጉላላው ምርመራ በአንጻሩ ድንበሩ ሳይዘጋ እንዲቆይ ይረዳል።

የሙቀት መለኪያ ሁሉን አያሳይም

በኮሮና ቫይረስ የተያዘ ሰው ምልክት ሳያሳይ እስከ 14 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ትኩሳት የሌለበት ሁሉ ጤነኛ ነው ማለት አይቻልም። የትኩሳት ማስታገሻ ውጦ ምርመራውን ማለፍም ለሰዓታት አብረው የሚቀመጡትን ተሳፋሪዎች ለሕመም አሳልፎ መስጠት ነው። ትኩሳት፣ ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር ያለበት ሰው ጉዞውን ያዘግይ፤ በነጻ የስልክ መስመር 8335 ደውሎም ምክር ይጠይቅ።

ሰልፉ ራሱ በሽታ እንዳያስተላልፍ

ሰዎች ተጠጋግተው የሚቆሙበት ስፍራ ለበሽታው የተመቸ ነው። ስለሆነም፦

• በሰልፈኞች መካከል ሁለት የአዋቂ እርምጃ ያህል ርቀት ይጠበቅ። መጠጋት ሰልፉን አያሳጥርም።
• አፍና አፍንጫን የሚሸፍን ጭንብል ሰነድ ለማሳየት ከተጠየቀ ብቻ፣ ለአጭር ጊዜ ዝቅ ይደረግ።
• ሰነድና እስክሪብቶ ከተቀባበሉ በኋላ እጅ በሳሙና ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ይታጠብ፤ ውኃ ከሌለ ሳኒታይዘር ይጠቀሙ።
• አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት የያዙ ቅድሚያ ያግኙ።

ከቤት ሳይወጡ መዘጋጀት

ብዙው መዘግየት የሚመጣው ሰነድ ባለመሟላቱ ነው። ተጓዡ ፓስፖርቱ፣ ቪዛውና የጤና ማስረጃዎቹ ቀናቸው ያላለፈ መሆኑን ከመነሣቱ በፊት ያረጋግጥ። የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ በጉዞው ዋዜማ መከተብ አይጠቅምም። ሰነዶቹን በአንድ ቦርሳ መያዝ፣ መጠይቁን አስቀድሞ መሙላት፣ ውኃና ስንቅ ማዘጋጀትም ድካሙን ይቀንሳሉ።

የተጓዡ መብት

በ1997 ዓ.ም. የጸደቀው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ፣ በምርመራ ወቅት ተጓዦች በክብር እንዲያዙና መጉላላታቸው እንዲቀንስ ያዛል። ወደ ለይቶ ማቆያ ለሚገቡም በቂ ምግብ፣ ውኃና ማረፊያ ሊቀርብላቸው ይገባል። ተጓዡ የሚደረግለት ምርመራ ምን እንደሆነና ለምን እንዳስፈለገ በትሕትና ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

ወደ ቤት ሲመለሱ

ጥንቃቄው ድንበር በማለፍ አያበቃም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ የተመሠረተው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም መነኮሳት በማኅበር የሚኖሩበት፣ በክብረ በዓል ቀንም ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ስፍራ ነው። ከጉዞ የተመለሰ ሰው የታዘዘውን የመለየት ጊዜ ሳይጨርስ ወደ ገዳም፣ ወደ ገበያ ወይም ወደ ለቅሶ ቤት ቢሄድ፣ በድንበር የተደከመበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ናፍቆት ቢበረታም፣ እናትና አባትን ከሩቅ ሰላም ብሎ ጥቂት ቀናት መታገሥ ለእነርሱ ከሚያስቡ ልጆች የሚጠበቅ ነው።