ምስማር መቺው መሣሪያ፦ አሠራሩና አመራረጡ

በሰሜን አሜሪካ ከሚሠሩት መኖሪያ ቤቶች እጅግ የሚበዙት ግድግዳቸውም ሆነ ጣሪያቸው በእንጨት አጥንት የቆመ ነው። ይህም የሆነው አገሩ ደን የበዛበት ስለ ሆነ ብቻ ሳይሆን፣ በ1830ዎቹ ዓመታት በቺካጎ ከተማ የተስፋፋ አንድ የግንባታ ጥበብ የቀደመውን ልማድ ስለ ለወጠው ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት አናጢዎች ወፍራም ግንድ ጠርበው፣ የአንዱን ጫፍ በሌላው ጕድጓድ እያስገቡ፣ በእንጨት ችንካርም እያጠበቁ ቤት ያቆሙ ነበር፤ የመጋዝ ፋብሪካዎች ቀጭን ሞራሌ በብዛት ማውጣት፣ መኪናም ምስማርን በርካሽ ማምረት ከጀመሩ በኋላ ግን፣ ያን ያህል ጥረባና ድካም ሳያስፈልግ፣ ቀጫጭን ቋሚዎችን በቅርብ በቅርብ ደርድሮ ከአግዳሚው ጋር በምስማር ማያያዝ በቂ ሆኖ ተገኘ። ከዚያን ጊዜ ወዲህ የቤቱ ጽናት የተመሠረተው በግንዱ ውፍረት ላይ መሆኑ ቀርቶ በምስማሩ ብዛት፣ ርዝመትና አያያዝ ላይ ሆነ። ስለዚህ ዛሬ ምስማር መቺ መሣሪያ ሊገዛ የሚነሣ ሰው፣ መሣሪያውን ከመመልከቱ አስቀድሞ፣ የሚመታውን ምስማርና የሚመታበትን እንጨት ማወቅ ይገባዋል የሚለው የዚህ ጽሑፍ ጠቅላላ ሐሳብ ነው።

መዶሻ ክቡር መሣሪያ ነው፤ ሆኖም አንድ ቤት በሺሕ የሚቈጠር ምስማር ስለሚፈልግ፣ ክንዱን ከጧት እስከ ማታ ሲያነሣና ሲጥል የሚውል አናጢ ድካሙ ታላቅ ነው። ይህን ድካም ለማቃለል በተጨመቀ አየር የሚሠራው የመጀመሪያው መሣሪያ በ1950 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ለገበያ ቀረበ፤ የተሠራውም ለቤት ወለል ሲሆን፣ ሠራተኛው ሳይጐነበስ ቆሞ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ምስማር ይመታበት ነበር። ለዚህ ፈጠራ ስሙ የሚነሣው መሐንዲስ ሞሪስ ፒኖስ፣ ሐዋርድ ሂዩዝ ባሠራው ኤች 4 ሄርኩለስ በተባለው ታላቅ የእንጨት አውሮፕላን ሥራ ላይ የነበረ ሰው ነው። በ1986 ደግሞ ፓስሎድ የተባለው ኩባንያ በትንሽ የጋዝ ቆርቆሮና በባትሪ የሚሠራውን፣ ቱቦ የማይጐትተውን ዓይነት አወጣ፤ ከዚያም በኋላ ባትሪ ብቻ የሚበቃቸው ተከተሉ።

አሠራሩን በአጭሩ ለማስረዳት፣ በአየር የሚሠራውን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በመሣሪያው ውስጥ አንድ ሲሊንደር አለ፤ በሲሊንደሩ ውስጥ ፒስተን፣ ከፒስተኑም በታች ረጅምና ቀጭን የብረት ዘንግ ተተክሏል። አየር ከሚጨምቀው ኮምፕሬሰር በቱቦ የሚመጣው አየር ዘወትር ከፒስተኑ በላይ ባለው ቫልቭ ዙሪያ ታምቆ ይጠባበቃል፤ የመሣሪያው አፍ በእንጨቱ ላይ ተጭኖ ቃታው ሲሳብ ቫልቩ ይከፈትና የታመቀው አየር በፒስተኑ ላይ በቅጽበት ይወርድበታል፤ ዘንጉም ምስማሮች ከሚደረደሩበት ካዝና ተራውን ጠብቆ የቀረበውን ምስማር በአንድ ምት እስከ ራሱ ይሰድደዋል። ፒስተኑ በታች ካለው ወፍራም ጎማ ጋር ተጋጭቶ ይቆማል፤ በጎን ክፍል የተጠራቀመው አየር ደግሞ ቃታው ሲለቀቅ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ዐይን ሊከተለው ከሚችለው ጊዜ ባነሰ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ወደ ምርጫው ስንገባ፣ መጀመሪያ የምናየው የምስማሩን ርዝመትና ውፍረት ነው። በአሜሪካ ሁለት በአራት ተብሎ የሚጠራው ሞራሌ በእውነተኛ ልኩ 1.5 በ3.5 ኢንች፣ ማለት 38 በ89 ሚሊ ሜትር ነው፤ አግዳሚውን ከቋሚው ጫፍ ጋር ለማያያዝ 3.25 ኢንች ምስማር ቢመታ፣ 38 ሚሊ ሜትሩን አግዳሚ ዘልቆ ወደ ቋሚው 44 ሚሊ ሜትር ያህል ይገባል። ለኮምፔንሳቶ ልባስ ግን 2.375 ኢንች ያህሉ ይበቃል። ብዙዎቹ የቤት አጥንት የሚመቱ መሣሪያዎች ከ2 እስከ 3.5 ኢንች የሚደርሰውን ሁሉ ስለሚቀበሉ በዚህ በኩል ችግር የለም፤ ጥንቃቄ የሚያሻው በውፍረቱ ነው። በመሣሪያ የሚመታው ምስማር በእጅ ከሚመታው ብዙውን ጊዜ ቀጠን ስለሚል፣ የአሜሪካ የግንባታ ሕግ 0.162 ኢንች ውፍረት ያለው ሁለት ምስማር በሚጠይቅበት ቦታ 0.131 ኢንች የሆነውን ቀጭኑን ሦስት አድርጎ ይቀበላል። ይህን ሳያውቅ በሁለት ቀጭን ምስማር ያለፈ ሰው፣ ጊዜ ያተረፈ ቢመስለውም ከቤቱ ጽናት ሰርቋል።

ሁለተኛው የምስማሩ ራስና የካዝናው ዝንባሌ ነው። 21 ዲግሪ የሚባለው መሣሪያ ራሳቸው ሙሉ ክብ የሆኑ፣ በፕላስቲክ የተያያዙ ምስማሮችን ይጎርሳል፤ ክብ ራሶች እርስ በርስ ስለማይጠጋጉ ካዝናው ሊይዝ የሚችለው ቍጥር ያንሳል፤ ሲመታም የፕላስቲኩ ስባሪ ይፈናጠራል። ከ30 እስከ 34 ዲግሪ የሚባለው ምስማሮቹ በወረቀት የተያያዙ፣ ራሳቸውም አንድ ጎኑ የተቈረጠ ወይም ከመካከል የራቀ ስለ ሆነ ተቀራርበው ይደረደራሉ፤ ካዝናውም ይበልጥ ስላዘነበለ በጠባብ ማዕዘን ይገባል፤ ነገር ግን ወረቀቱ እርጥበት ይፈራል። 28 ዲግሪ የሚባለው ደግሞ ምስማሮቹ በቀጭን ሽቦ የተበየዱ ናቸው። ከነዚህ ሌላ ምስማሩ በጥቅልል ሽቦ የሚገባበት ክብ ካዝና ያለው አለ፤ እስከ 200ና 300 ምስማር ስለሚይዝ ቀኑን ሙሉ ለሚመታ ሠራተኛ ይጠቅማል፤ ሲሞላ ግን ይከብዳል። የመሬት መንቀጥቀጥ ወይም ዐውሎ ነፋስ በሚያሰጋቸው አንዳንድ አውራጃዎች ራሱ የተቈረጠው ምስማር ለተወሰኑ ግድግዳዎች ስለማይፈቀድ፣ የአካባቢውን የግንባታ መሥሪያ ቤት አስቀድሞ መጠየቅ ብልኅነት ነው። መሣሪያው የተሠራለትን ዝንባሌ ብቻ ስለሚቀበል፣ በሚኖሩበት ከተማ ሱቅ ዘወትር የሚገኘው የትኛው የምስማር ዓይነት እንደ ሆነ ሳያረጋግጡ መግዛት አይገባም።

ስለ ምስማሩ አንድ ነገር ልጨምር። ለውጭ በረንዳና ለአጥር የሚሸጠው እንጨት እንዳይበሰብስ መድኀኒት የጠጣ ነው፤ በመድኀኒቱ ውስጥ ያለው መዳብ ተራውን ብረት ፈጥኖ ስለሚበላው፣ በቀለጠ ዚንክ ተነክሮ የተለበጠ ወይም የማይዝግ ብረት ምስማር የግድ ያስፈልጋል። እንዲሁም አግዳሚዎችን የሚሸከሙት የብረት ማያያዣዎች ምስማሩ በተበሳላቸው ቀዳዳ በትክክል እንዲገባ ይፈልጋሉ፤ ተራው መሣሪያ ቀዳዳውን ስቶ ብረቱን ሊመታና ምስማሩን ሊያስፈነጥር ስለሚችል፣ ለዚህ ሥራ ምስማሩ ከአፉ ወጣ ብሎ ቀዳዳውን እንዲፈልግ ሆኖ የተሠራ ሌላ መሣሪያ አለ፤ እርሱ ከሌለ መዶሻው ይሻላል።

ሦስተኛው የኀይሉ ምንጭ ነው። በአየር የሚሠራው ቀላል፣ ርካሽና ዕድሜው ረጅም ነው፤ ክብደቱ 3.5 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን፣ ከ70 እስከ 120 ፒኤስአይ በሚደርስ ግፊት ይሠራል፤ በዝግታ ለሚሠራ አንድ ሰው 6 ጋሎን የሚይዝ ኮምፕሬሰር ይበቃዋል። ጉድለቱ ቱቦው በእግር ሥር መጠላለፉና የኮምፕሬሰሩ ጩኸት ነው። በጋዝ የሚሠራው ከቱቦ ነጻ ነው፤ ነገር ግን ጋዙ ዘወትር መገዛት አለበት፤ በብርድ ጊዜ ይዳከማል፤ በከፍተኛ ቦታም አየሩ ስለሚሳሳ ቃጠሎው ኀይል ያንሰዋል። ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በዴንቨርና በአካባቢዋ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወገኖቻችን ይህን ሊያስቡበት ይገባል። በባትሪ ብቻ የሚሠራው ለመያዝና ለመጀመር እጅግ የተመቸ ነው፤ ዋጋውና ክብደቱ ግን ከአየሩ ይበልጣል፤ ከራስ በላይ እጅን ዘርግቶ ለሚሠራ ሰው አንድ ኪሎ ጭማሪ ቀኑ ሲመሽ ቀላል አይደለም።

መሣሪያው ወደ አገር ቤት የሚላክ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። የአሜሪካው ኮምፕሬሰር ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሲሆን፣ የኢትዮጵያው መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፤ ትራንስፎርመር ቮልቱን ቢያስተካክልም ኸርዙን አይለውጥም። የጋዙ ቆርቆሮ ተቀጣጣይ ስለ ሆነ በመንገደኛ ሻንጣ በአውሮፕላን አይገባም። አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች ኮምፕሬሰር በዚያ ገንዳውን ለመሙላት ይበልጥ ይቈያል። ከሁሉ በላይ በየሱቁ በኪሎ የሚሸጠው ምስማር በካዝናው ስለማይገባ፣ የተያያዘውን ምስማር የሚያገኝበት መንገድ ያልተዘጋጀለት መሣሪያ ስጦታ ሳይሆን ዕዳ ይሆናል።

አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ቃታው ነው። ቃታ በዋናነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ተራ የሚጠብቅ ነው፤ አስቀድሞ አፉ በእንጨቱ ላይ ካልተጫነ፣ ቀጥሎም ቃታው ካልተሳበ አይመታም፤ ሁለተኛ ለመምታትም ሁሉን ለቅቆ እንደገና መጀመር ያስፈልጋል። ሁለተኛው ግን ጣት ቃታውን እንደ ሳበ ከቈየ፣ አፉ የነካውን ሁሉ ይመታል፤ ለወለልና ለጣሪያ ልባስ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን መሣሪያው በራሱ ግፊት ወደ ኋላ ነጥሮ እንደገና ሲያርፍ ያልታሰበ ሁለተኛ ምስማር ይተፋል፤ ጭን ወይም የባልንጀራ ትከሻ ቢነካም አይለይም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቶች በ2011 ለግንባታ ተቋራጮች ባወጡት መመሪያ፣ በምስማር መቺ መሣሪያ ምክንያት በየዓመቱ ወደ 37,000 የሚገመት ሰው ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል እንደሚሄድ፣ በንክኪ የሚመታው ቃታ ተራ ጠባቂ ከሆነው አደጋውን እጥፍ እንደሚያደርገው፣ ከመኖሪያ ቤት አናጢነት ተማሪዎችም ከአምስቱ ሁለቱ በአራት ዓመት ውስጥ በዚሁ መሣሪያ እንደ ቈሰሉ ገልጸዋል። ከጕዳቱም ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእጅና በጣት ላይ ነው። እጅግ የሚያሳዝነው፣ ጥቂት ደቂቃ ለማትረፍ ሲባል ዕድሜ ልክ እንጀራ የሚበላባት እጅ መጐዳቷ ነው።

ስለዚህ እንጨት የምትይዘው እጅ ምስማሩ ከሚገባበት ቦታ ቢያንስ 12 ኢንች፣ ማለት 30 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለባት፤ ምስማር በአንጓ ላይ ሲያርፍ ታጥፎ በጎን ሊወጣ ይችላልና። መሰላል ሲወጡ ጣትን ከቃታው ማንሣት፣ የተጣበቀ ምስማር ከማውጣት በፊት ቱቦውን ወይም ባትሪውን መንቀል፣ የአፉን መከላከያ በሽቦ አስሮ አለመሻር፣ መነጽርና የጆሮ መከላከያ ማድረግ ሊዘነጋ የማይገባው ሥርዐት ነው። በኮምፕሬሰር ፈንታ የኦክሲጅን ጠርሙስ ማያያዝ ፍንዳታ ስለሚያስከትል ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ሲገዙ በመጨረሻ የሚፈተነው የምቱን ጥልቀት ማስተካከያ ነው። የምስማሩ ራስ ከእንጨቱ ገጽ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ኮምፔንሳቶውን ሰብሮ ወደ ውስጥ ከጠለቀ የሚይዘው ንጣፍ ስለሚሳሳ፣ ግድግዳው ነፋስና መንቀጥቀጥ የመቋቋም ኀይሉ ይቀንሳል። ማስተካከያው ያለ መፍቻ በጣት የሚዞር፣ አፉም በአግድም ለሚመታ ምስማር እንጨቱን የሚነክስ ጥርስ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ጥበቃው አስቸጋሪ አይደለም፤ ዘይት የሚጠይቀው ዓይነት ከሆነ በየሥራው ቀን በአየር መግቢያው ጥቂት ጠብታ የአየር መሣሪያ ዘይት ማድረግ፣ ማታ ማታም ከኮምፕሬሰሩ ገንዳ ውሃውን ማፍሰስ ነው።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። አጥር ለሚያጥር፣ በረንዳ ለሚሠራ፣ ምድር ቤቱን ለሚከፋፍል ባለቤት ሙሉ ክብ ራስ ያለውን ምስማር የሚመታ፣ 21 ዲግሪ የሆነ በአየር የሚሠራ መሣሪያ ይበቃዋል፤ ኮምፕሬሰር የሌለውና በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የሚሠራ ግን፣ የሌሎቹን መሣሪያዎቹን ባትሪ የሚጋራ የባትሪ ዓይነት ቢገዛ ይሻለዋል። ከሁለቱ የትኛውንም ብትመርጥ፣ አንባቢ ሆይ፣ ቃታው ተራ ጠባቂ መሆኑን ሳታረጋግጥ ዋጋውን አትክፈል፤ መነጽሩንም በዚያው ቀን አብረህ ግዛ።